ለገብረማርያም የተዘፈነ

«ኩሉን እንኳ ጥረጉላት እንጂ፤ ምን ዓይነት ነገር ነው!» አለች ከበሩ አጠገብ የተቀመጠችው ሴት። በሹክሹክታ ልትለው አስባ ነበር፤ ግን ከልቅሶ ቤት ሹክሹክታ የበለጠ የሚሰማ ነገር የለም።

ጌጥነሽ ሰምታለች። ቀና ብላ ግን አላየችም። ፍራሹ ላይ እግሯን አጣጥፋ፣ ጥቁር ሻሽ ተከናንባ ተቀምጣለች። ከሻሹ ሥር ለኮንሰርቱ የተሠራችው ሹሩባ እንዳለ ነው፤ ዓይኗም ላይ ቅዳሜ ማታ የተኳለችው ኩል አለ። ሰዉን ያስጨነቀው ኩሉ መኖሩ ብቻ አልነበረም፤ አለመፍሰሱ ነው። የወንድሟ መርዶ ጎሕ ሲቀድ ከተነገራት ወዲህ አንዲት እንባ ጠብ ብላ ቢሆን ኖሮ፣ ያ ኩል እስካሁን ጉንጯን አጥቁሮት ነበር። ሊያጽናናት ጎንበስ የሚለው ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። አይቶም ዓይኑን ይሰብራል።

ጎረቤቷ ይሻሽ ፎጣ አርሳ መጣችና አጠገቧ ተንበረከከች። እንደ ሕፃን አገጯን ይዛ መጥረግ ጀመረች።

«ይሻሽ» አለች ጌጥነሽ።

«ወይ የኔ እናት።»

«ቅዳሜ ስትኩዪኝ ታውቂ ነበር?»

ፎጣው ቆመ። ይሻሽ ዙሪያዋን አየች፤ ሴቶቹ ሁሉ ጉልበታቸውን ያያሉ።

«አውቅ ነበር።»

«እጅሽ አልተንቀጠቀጠም።»

«ስንት ጊዜ አፌ ላይ መጣ መሰለሽ። ግን መርዶ የጎረቤት ወሬ ነው እንዴ? ባለቤት አለው፤ ሰዓት አለው።»

ጌጥነሽ ፊቷን ሰጠቻት፤ ይሻሽም ጠርጋ ጨረሰች።

ይሻሽ እውነቷን ነው። መርዶ ባለቤት አለው። ገብረማርያም አዲስ አበባ ላይ ካረፈ ወር አልፎታል። ወሬው እዚህ እስራኤል፣ ቂርያት ጋት የደረሰው ግን በዚያ ሳምንት ረቡዕ ነው፤ ከአገር ቤት የመጣ ሰው ይዞት መጣ። ሰውየው ደንብ የሚያውቅ ነውና ወደ ጌጥነሽ ቤት ድርሽ ሳይል በቀጥታ ወደ አጎቷ ወደ አባ ደርበው ሄደ። አባ ደርበው ለባሏ ለአስፋ ነገሩት። አስፋ ለማንም አልተናገረም፤ ሆኖም ሐሙስ ዕለት ሕንፃው በሙሉ ያውቅ ነበር። የመርዶ ነገር እንዲህ ነው፤ ከሟች እህት በቀር የማያውቀው አይኖርም። ሐሙስ ይነገራት ተባለ፤ የሩቅ ዘመዶች አልደረሱም። ዓርብ ተባለ፤ ሰንበት ሊገባ ነው፣ በሰንበት ልቅሶ አይጀመርም። እሑድ ጎሕ ሲቀድ ይሁን ተባለና ተቆረጠ። በመሃል ግን ቅዳሜ ማታ ነበረች። ጌጥነሽ ደግሞ ስለዚያች ቅዳሜ ማታ ማውራት ከጀመረች ወራት አልፈዋል፤ ሰንበት ከወጣ በኋላ ከአገር ቤት የሚመጣው ሰንበሌጥ ባንድ ሊጫወት ነው። ቅሪ ቢሏት ለምን ትላለች፤ ለምን ካለች ፊታቸው ይነግራታል። ስለዚህ ሁሉም ዝም አለ። ዝም ብሎም ተከትሏት ወደ ኮንሰርቱ ሄደ።

እሑድ ጠዋት በሩ ሲንኳኳ ለፋብሪካው የጠዋት ፈረቃ እየለበሰች ነበር። አብራት አውቶቡስ የምትሳፈረው ጓደኛዋ መስላታለች። የማታውን ዘፈን እያንጎራጎረች ከፈተች። አባ ደርበው በትራቸውን ይዘው ቆመዋል፤ ከኋላቸው እስከ ደረጃው ድረስ ሰው ነው፤ ሁሉም ነጠላውን አዘቅዝቋል። ያን ጊዜ ይሻሽና አስፋ ከጀርባዋ መጥተው ቆሙ፤ ራሷን ስትጥል የሚይዟት እነሱ ናቸውና። እሷ ግን ራሷን አልጣለችም። አባ ደርበው ተናግረው ሲጨርሱ፣ የተዘረጉት እጆች ባዶ አየር ይዘው ቀሩ።

«መቼ?» አለች።

«ወር አልፎታል ልጄ። ሕመሙም ብዙ አላንገላታው።»

«እሱን አይደለም። እናንተ መቼ አወቃችሁ?»

«ረቡዕ» አሉ አባ ደርበው። የሚዋሹ ሰው አይደሉም፤ ዝም ማለትን ግን እንደ ውሸት አይቆጥሩትም።

ዞር ብላ አስፋን አየችው። «ቅዳሜ አብረኸኝ ጨፈርክ» አለችው። ከዚያ ወዲህ አላናገረችውም።

አባ ደርበው ያን ዕለት ከመቀመጣቸው በፊት አንድ ነገር ጨምረው ነበር። እህታቸው ይታይሽ፣ የጌጥነሽና የገብረማርያም እናት፣ አሽቀሎን ሆስፒታል ተኝታለች። በሚመጣው ሳምንት ልቧ ይቀደዳል። «ይታይሽ እንዳትሰማ። ቀዶ ጥገናው አልፎ እስክትቆም ድረስ ለእሷ ገብረማርያም ደኅና ነው። አስታማሚዋ ሙሉዬ አጠገቧ ናት፤ አፏን ይዛለች። እናንተም ያዙ» አሉ።

«እኔ እነግራታለሁ» አለች ጌጥነሽ።

ሁሉም የሐዘን ቃል ነው፣ ያልፋል ብሎ ተወው። እሷ ግን የተናገረችው በቀዘቀዘ ልብ ነበር። እኔን እንዳታለሉኝ እናቴን አያታልሏትም አለች በሆዷ። በዚያ ሳምንት ሆዷ ውስጥ የነበረው የጠራ ነገር ይኸው ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ ደንዝዞ ነበር።

በማግስቱ ከፎቁ ሥር ያለው የአይሁድ ምኩራብ አገልጋይ፣ ሊዮን፣ መጣ። ደግ ሰው ነው፤ ቆቡን እያስተካከለ ገባና በአስፋ አስተርጓሚነት አጽናና። ሟቹ መቼ እንዳረፈ ጠየቀ። ወር እንዳለፈው ሲሰማ ፊቱ በራ፤ መልካም ነገር ያመጣ መስሎት ነበር።

«እንዲህ ዘግይቶ ለተሰማ ሞት አንድ ሰዓት መቀመጥ ይበቃል ነው የሚለው። ሕጉ እንደዚያ ነው፤ ከዚያ ተነስታ ሥራዋን መሄድ ትችላለች» አለ አስፋ ቃሉን እየመለሰ።

አባ ደርበው ሰውየውን ከእግሩ እስከ ራሱ አዩት።

«የአንድ ሰዓት ልቅሶ!» አሉ። «ባቄላ እንኳ በአንድ ሰዓት አይበስል። እንደው በል፣ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣ በለው። ደግ ልቡን አይቻለሁ።»

አንድ ሁለት ሴቶች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ፤ ልቅሶ ቤትም ይሳቃል። ሊዮን ሻዩን ጠጥቶ ሄደ። ጌጥነሽ አልሳቀችም፤ ግን አንድ ሰዓት የሚለው ቃል ጆሮዋ ውስጥ ቀረ። እኔ አንድ ሰዓት እንኳ አልጀመርኩም ብላ አሰበች።

ለማልቀስ አልሞከረችም ማለት አይደለም። ዓይኗን ጨፍና የወንድሟን ፊት ለማየት ትሞክራለች። የሚመጣላት ግን ፊቱ አይደለም። የሚመጣላት የቅዳሜው ጭብጨባ ነው።

ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት የሠፈሩ አዳራሽ ቅዳሜ ማታ በፕላስቲክ ወንበር ሞልቶ ነበር። ሰንበሌጦች በሚኒባስ መጡ። አምስት ሆነው መድረክ ላይ ሲወጡ ሕዝቡ መጀመሪያ አላወቃቸውም፤ በካሴቱ ልባስ ላይ የሚያውቃቸው ቀጫጭን፣ ጎፈሬያም ወጣቶች ነበሩ። እነዚህ ቦርጭ ያላቸው፣ ኦርጋኑን ለማየት መነጽር የሚያደርጉ አባወራዎች ናቸው። ዘፋኙ አግደው ጸጉሩን ቀለም ነክሮታል፤ መብራቱ ሲያርፍበት ሰማያዊ ይመስላል። ትንፋሽ ሲያጥረው ማይኩን ወደ ሕዝቡ ያዞራል፤ ሕዝቡም ክብር የተሰጠው መስሎት ይዘፍንለታል። ጨፋሪውም ቢሆን ወጣት አልነበረም። አንድ ዘፈን ባለቀ ቁጥር ወንበሩን ፈልጎ ጉልበቱን ያሻል። ጌጥነሽ ግን ከመጀመሪያው ዘፈን ጀምሮ አልተቀመጠችም።

«አስፋ፣ ሂድና ንገረው» አለችው እየጮኸች፤ ድምፅ ማጉያው አላሰማ ብሏት ነው። «ያን የክላክሱን ዘፈን ለወንድሜ ለገብረማርያም በለው። ጎንደር የመጣችሁ ጊዜ ዕቃችሁን የተሸከመላችሁ ነው በለው!»

አስፋ አፉን ከፍቶ ቆመ።

«ምን ያፈዝሃል? ሂድ እንጂ!»

ሄደ። የመድረኩን ጫፍ ተደግፎ በአግደው ጆሮ ሲያወራ አየችው፤ መልእክቱ ከሚፈልገው በላይ ረጅም ነበር። ወሬ አይጠግብ ብላ ሳቀችበት። አግደው የአስፋን ትከሻ ያዝ አድርጎ ለቀቀውና ወደ ማይኩ ተመለሰ።

«ይህ ለወንድማችን ለገብረማርያም ነው» አለ። «ከእህቱ ከጌጥነሽ።»

አዳራሹ ጭጭ አለ። ጌጥነሽ ከአክብሮት ነው ብላ አሰበች። ከወደ ኋላ አንድ ሰው ማጨብጨብ ጀመረ፤ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሁሉም። ይሻሽ ፊቷን ይዛ ወደ ኮሪደሩ ወጣች፤ ሆዷን አሟት ይሆናል አለች ጌጥነሽ። ሴቶቹ ከበቧት፤ አስፋ ፊት ለፊቷ አንገቱን ደፍቶ ትከሻውን ነቀነቀ፤ ላቡ አፍንጫው ላይ ይወርዳል። እልል አለች። አሁን ስታስበው፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል እልል ያለችው እሷ ብቻ ነበረች።

ወንድሟን ለማልቀስ መጀመሪያ በዚያ ጭብጨባ መካከል ማለፍ ነበረባት። ያን ያህል እርምጃ እግሯ እምቢ አለ።

ቀኖቹ በዚህ ሁኔታ ሄዱ። ከሕንፃው በታች ድንኳን ተተከለ፤ ሰው ከሌሎች ከተሞች፣ ከነቲቮትም ከአፉላም፣ በአውቶቡስ ይመጣል፤ ንፍሮ ይቀርባል፤ ሻይ በፔርሙዝ ይወጣል ይወርዳል። አስፋ ወንበር ይሸከማል፤ እንግዳ ይቀበላል፤ ለሰው ሁሉ ይደርሳል። ለሚስቱ ሻይ ሲያቀርብላት ግን ብርጭቆው በእጁ ላይ ይቀዘቅዛል። ሌላ ሰው ሲሰጣት ትወስዳለች። ሰው አይቶ ያላየ ይመስላል፤ ከዚያ ኮሪደሩ ላይ ያወራዋል።

«ምን አደረጋት እሱ? የታዘዘውን ነው ያደረገ።»

«አብሯት ጨፈረ እኮ።»

«ቆሞ ቢያያት ይሻል ነበር?»



ከአፉላ የመጡ አንዲት አሮጊት በሙሾ የታወቁ ናቸው። ከገቡ ጀምሮ ስለ ሟቹ ሲጠይቁ ቆዩ፤ ምን ሠራ፣ ማንን ወደደ፣ እናቱ በሕይወት አለች ወይ። ከዚያ ደረታቸውን መታ አድርገው ጀመሩ፦

«ክላክሱን ሰምታ እናቱ ስትወጣ፣
አውቶቡሱ አለፈ ገብሬ ሳይመጣ።»

ቤቱ በለቅሶ ተናጋ። አባ ደርበው እንኳ በጋቢያቸው ተሸፈኑ። ጌጥነሽ ግን የወለሉን አንዲት የተነቀለች ሸክላ ትመለከት ነበር። ግጥሙ እንዴት እንዳማረ አሰበች፤ ገብሬ ቢሰማው ደስ ይለው ነበር ብላ አሰበች፤ ያን ያሰበች እሷ ሳትሆን ሌላ ሴት እንደሆነች ሁሉ ምንም አልተሰማትም።

የክላክሱ ነገር እንዲህ ነው። ገብረማርያም የደባርቅ አውቶቡስ ረዳት ነበር። ከመስመሩ ዳር ባለችው መንደራቸው ሲያልፍ ሾፌሩን ይለምንና ክላክስ ያስነፋል፤ እናቱ ሥራዋን ጥላ ትወጣለች፤ እሱ በር ላይ ተንጠልጥሎ እጁን ያውለበልባል። አውቶቡሱ አይቆምም። ልጇን በየቀኑ የምታየው በዚያች ቅጽበት ነው፤ ይበቃት ነበር። ሰንበሌጦች ሾፌሩን «በእሷ ደጅ ስታልፍ ክላክስህን አሰማልኝ» የሚለውን ዘፈን ባወጡ ጊዜ ገብሬ ለእኔ ነው የጻፉት ብሎ አገር አደረሰ። አግደው በዘፈኑ መሃል ክላክሱን በአፉ ያሰማል፤ ገብሬ ያን ከእሱ አሳምሮ ይችለው ነበር።

ከዚያ ባንዱ ጎንደር መጣ። ጌጥነሽ ገና ልጃገረድ ናት፤ አባቷ ዘፈን ቤት የሚሉትን ነገር ደጁን አያስረግጣትም፤ የመግቢያ ገንዘብም የላቸውም። ገብሬ ሄዶ ድምፅ ማጉያውን ከመኪና ካላወረድኩ ብሎ ባንዱን አስቸገረ። ሸክሙ ላይ አንድ የከበሮ ማቆሚያ አከለና ለእህቱ አስያዛት። «አንገትሽን ደፍተሽ ግቢ፤ ሠራተኛ ነሽ» አላት። እንዲህ አድርገው ገቡ። የገቡት ግን በጓሮ ነውና የቆሙትም ከመድረኩ ጀርባ ነበር። ማታውን በሙሉ ያዩት የሙዚቀኞቹን ጀርባ ነው። የአግደውን ማጅራት፣ በላብ የራሰ ሸሚዙን፣ በጊታር ተጫዋቹ ጫማ ተረከዝ ላይ የተለጠፈውን ፕላስተር። ገብሬ ጆሮዋ ላይ «ፊታቸውን ማንም ያያል፤ ይኸን ያየን እኛ ብቻ ነን» አላት። ሳቃቸውን አፍነው ቆሙ።

እሷና እናቷ እስራኤል ሲገቡ የገብሬ ጉዳይ ይታያል ተብሎ ቀረ። ቤተ እስራኤል ሆነው ከአባቶቻቸው ጊዜ ጀምሮ ክርስትና የተነሱ ቤተሰብ ናቸው። እነሱን ያሳለፈው ወረቀት እሱን አላሳልፍ አለ፤ ስሙም ራሱ ክርስቲያንነቱን ከሩቅ ይናገራል። «ስምህን ብትለውጠው ምናለ?» ብላው ነበር በስልክ። «እምዬ በዚህ ስም ስትጠራኝ ነው የምወጣ» አላት። አዲስ አበባ ተከራይቶ ጠበቀ። ሲጠብቅ ሞተ።

ሳምንቱ ሊያልቅ ሲል፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ኮት የለበሰ ሰው ደረጃውን አረፍ አረፍ እያለ ወጥቶ ገባ። ሰው ሁሉ ቀጥ አለ። አግደው ነበር። በቀን ብርሃን ጸጉሩ ሰማያዊ አልነበረም፤ ሥሩ ነጭ ነው። እንደ ማንኛውም ለቅሶ ደራሽ ጎንበስ ብሎ አለፈና ጌጥነሽ አጠገብ በዝቅተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ እህቴ።»

«አንቱ እዚህ ድረስ መምጣትዎ…»

«ነገ እንበራለን። ሳልደርስሽ ብሄድ ደግ አይደለም።»

አንዱ ሻይ አመጣለት፤ በሁለት እጁ ያዘው።

«ያውቁ ነበር?» አለችው።

«ባልሽ ጆሮዬ ላይ ነገረኝ። ሰውየው ሞቷል፣ እሷ አልሰማችም፤ ግን ዝፈንላት፣ እባክህ አለኝ። ድምፁ እየተቆራረጠ ነበር።»

«አንቱስ ምን አሉት?»

«ምን እለዋለሁ? ዘፈንኩ።»

ጌጥነሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰውየውን አተኩራ አየችው። ከዓይኑ ሥር ከረጢት አለው። ሙቀት ያልለመደ ሰው ይመስል ላብ ላብ ብሎታል።

«እኔንም አድርገውኛል» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እናቴ ሞታ ባንዱ በሙሉ እያወቀ ድሬዳዋ ላይ ሠርግ ዘፍኛለሁ። አዳራሹ ተከፍሎበታል፣ ሙሽሮቹ ምን አጠፉ ተባለ። ሲነጋ ነገሩኝ። መርዶውን የያዘው ቤዝ ጊታር የሚጫወተው ነበር፤ ሲያየኝ ያደረው እሱ ነው።»

«ይቅር አሏቸው?»

አግደው አሰበ። ቤቱ በሙሉ ጆሮውን ቀስሮ ነበር፤ አባ ደርበው ሳይቀሩ።

«አላልኩም» አለ። «ዛሬም ትዝ ሲለኝ እቆጣለሁ። ግን አጠገቤ ይቆማል፤ ሃያ ዓመት አለፈን። እሱ ካልቆመ መዝፈን አልችልም። አሁንም እታች መኪና ውስጥ ነው፤ ልቅሶ ቤት መግባት አይወድም።»

ሻዩን ጨርሶ ተነሳ። አንድ ሰው ትንሽ ያንጎራጉርልን ማለት ቃጥቶት በአባ ደርበው ዓይን ተቀጣ። አግደው ከበሩ ሲወጣ ጌጥነሽ ማጅራቱን አየች። ፊቱን ቅዳሜ ማታ በሙሉ ስታየው እንግዳ ሰው ነበር። ማጅራቱን ግን አወቀችው። እስከ ደረጃው ድረስ በዓይኗ ሸኘችው።

አግደው ከሄደ በኋላ አባ ደርበው ተጠጓት። «ሙሉዬ ደውላ ነበር» አሉ። «ይታይሽ አምሽታ ትደውላለች፤ ጌጥነሽ ምነው ጠፋች እያለች ነው። ኮንሰርቱ እንዴት እንደነበር መስማት አማራት። አንቺ ካልቻልሽ ይሻሽ ታንሳና ሥራ ገብታለች ትበላት።»

«እኔ አነሳለሁ።»

«ልጄ…»

«አባ ደርበው፣ አንቱ ይነግሯት ይሆናል፤ መቼ? እሷም እንደ እኔ ስትስቅ ከርማ? እኔ ያየሁትን አታይም። እነግራታለሁ አልኩ፤ እነግራታለሁ።»

ሽማግሌው በትራቸውን ጨበጡ። አስፋ ከበሩ ሥር ቆሟል። «ጌጤ፣ ልቧ…» አለ። ያን ሳምንት በሙሉ የተናገራት የመጀመሪያው ቃል ይህ ነበር፤ እሷም እንዳልሰማች ሆነች።

«ለምን አልነገርከኝም?» አለችው በመጨረሻ፣ ዓይኑን ሳታይ።

«ፈራሁ» አለ። «አባ ደርበው ከለከሉኝ ብዬ ልልሽ እችል ነበር። እውነቱ ግን ፈራሁ። ሹሩባሽን ተሠርተሽ ቆመሽ ሳይ ከአፌ አልወጣ አለ። በቃ።»

ስልኩ ጠራ።

ከግድግዳው ሥር ባለችው ጠረጴዛ ላይ ነው። ሴቶቹ ወሬያቸውን አቋረጡ። ጌጥነሽ ተነስታ ሄደች፤ እግሯ ደንዝዞ ነበርና ጠረጴዛውን ተደገፈች። አስፋ ተከትሏት መጣ፤ አጠገቧ ቆመ።

«እምዬ» አለች።

«ውይ ጌጤ! የት ጠፋሽ አንቺ? ሙሉዬ ሥራ በዝቶባታል ትለኛለች፤ ሥራ እናትን ያስረሳል?»

«እምዬ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ…»

«ቆይ፣ መጀመሪያ እኔ ልጠይቅሽ። ነርሷ ስልኩን ትነጥቀኛለች። የክላክሱን ዘፈኑት?»

ጌጥነሽ አፏን ከፈተች። ያዘጋጀችው ቃል ምላሷ ላይ ነበር፤ አጭር ቃል ነው፣ ሞተ ነው የሚለው። ከሽቦው ማዶ የእናቷ ትንፋሽ ይሰማታል፤ ቶሎ ቶሎ የሚል፣ እንደ ልጅ የጓጓ። ለእናቷ ገብሬ በዚህች ደቂቃ አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ ሻይ ይጠጣል። አስፋ ቅዳሜ ማታ አፉን ከፍቶ የቆመበት ቦታ ይህ እንደነበር ያን ጊዜ ገባት። ይቅር አላለችውም፤ ገባት ብቻ።

«ዘፈኑት እምዬ» አለች።

«እሰይ! ለእሱ ብለው?»

«ለእሱ ብለው። ማይኩን ይዞ፣ ለወንድማችን ለገብረማርያም ብሎ ስሙን ጠራው። ሰዉ ሁሉ አጨበጨበ።»

«ስሙን ጠራው? በዚያ ሁሉ ሰው ፊት?»

«አዳራሹ እስኪነቃነቅ ነው ያጨበጨቡለት።»

ከአፏ ሲወጣ ውሸት እንዳልሆነ አወቀች። ስሙን ጠርተውታል። አጨብጭበውለታል። ያን ሁሉ ሰው ያስጨበጨበው ምን እንደሆነ አሁን ታውቃለች፤ ያለቀሱለት በእጃቸው ነበር፤ ዓይናቸው ቢያለቅስ እሷ ታያለችና።

«አንቺስ ጨፈርሽ?»

«ጨፈርኩ እምዬ።»

«አስፋስ?»

«እሱማ እንደ ግመል።»

ይታይሽ ሳቀች፤ ሳቁ ሳል ሆነባት፤ ሙሉዬ ከጎን ስታረጋጋት ይሰማል። «በአፉስ ነፋው ክላክሱን? እንደ ገብሬ?»

«ነፋው። ግን ገብሬ ይበልጣል።»

«ይበልጣል እንጂ! እንግዲህ ሲመጣ አንቺው ንገሪው። እኔ ብነግረው አያምነኝም። ሲመጣ ቁጭ አድርገሽ ከመጀመሪያው ጀምረሽ ንገሪው።»

ጌጥነሽ መልስ ልትሰጥ ስትል ሳምንቱን የጠፋው ልቅሶ መጣ። የስልኩን አፍ በመዳፏ ከደነችው፤ አጥብቃ፣ ጣቶቿ እስኪነጡ። ወደ አስፋ ዞረች፤ ዓይኑን አየችው፤ መነጋገሪያውን እንደተከደነ ዘርግታ ሰጠችው።

አስፋ ተቀበላት። ጉሮሮውን ጠረገ።

«እምዬ፣ እኔ ነኝ፣ አስፋ። እሷ… በሩ ተንኳኳና ልትከፍት ሄዳ ነው። አዎ እምዬ። ሲመጣ እንነግረዋለን። ኧረ እንዴት አልጨፍርም!»

ጌጥነሽ ግድግዳውን ተደግፋ ወደ ወለሉ ወረደች። የነጠላዋን ጫፍ ጠቅልላ አፏ ውስጥ ከተተችና አለቀሰች፤ ትከሻዋ እየተንዘፈዘፈ፣ ያለ ድምፅ። ይሻሽ ልትይዛት ሮጣ መጣች። አስፋ ሲያያት ቃሉ ተቆረጠ። እናቷ ከማዶ ሃሎ፣ ሃሎ ትላለች።

ጌጥነሽ ቀና ሳትል እጇን ከፍ አደረገችና፣ ቀጥል፣ አታቁም፣ የጭፈራውን ንገራት አለችው በጣቷ።